ደምበጫ ሆኖ የሙከራ ሊብሬ ኦፊስ ላድል ላለው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደምበጫ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ኢንስቶል የማይፈልገውን ሊብሬ ኦፊስ፣ ያንን ነፃ የጽሕፈትና የሰንጠረዥ ፕሮግራም፣ ገና በሙከራ ላይ እያለ እየሞከርኩ ለመምህራንና ለቢሮ ሠራተኞች ማዳረስ እፈልጋለሁ። የት ላስቀምጠው? ምን ልጠንቀቅ?» እኔ ፍኖተ ሰላም ያንኑ ሥራ ነው የምሠራው። አንተ ልትገባበት ያሰብከው ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ፖርተብል ሳይጫን የሚሠራ፣ ቤታ ደግሞ ገና ያላለቀ የሙከራ ቅጂ ነው ከማለት በላይ ሳልሄድ ዋጋ የሚያስከፍልህን ብቻ ልንገርህ።

1. የሙከራውና የሥራው ቅጂ አንድ የግል ፎልደር እንዳይጋሩ። የጨመርካቸው ቃላት፣ ቴምፕሌቶችህ፣ ማክሮዎችህ በሙሉ እዚያ ነው ያሉት። ቤታው ዴቭ በሚል ስም ስለሚመጣ የራሱን ፎልደር ይከፍታል። ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ አርሲ የሚባለው ግን፣ የዋናውን ፎልደር ነው የሚጠቀመው። እኔ ሁለቱን አቀላቅዬ ከፍቼ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ተበላሽቶብኛል። የኤምኤስአይ (የመጫኛ) ፋይሉን ሳትጭን ፍላሹ ላይ ፍታው። «ፕሮግራም» የሚለው ፎልደር ውስጥ ቡትስትራፕ የሚባል የአይኤንአይ (የማስተካከያ) ፋይል ታገኛለህ። እዚያ ውስጥ «ዩዘር ኢንስታሌሽን» የሚለውን መስመር እዚያው ፍላሽ ላይ ወዳለ ፎልደር አዙረው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

2. ስሙን አታሳጥር። እዚህ ላይ አደራ እልሃለሁ።

ሰኔ 2017 ላይ የ25.8 ቤታ እጄ ገባ። ቁጥሩ የፈረንጅ ዓመትና ወር ነው፤ ዋናው የሚወጣው በነሐሴ ነበር። ሰንጠረዥ መሥሪያው ካልክ አዳዲስ ቀመሮች ተጨምረውለታል። አንዱ ቪስታክ ነው። የተለያዩ ዝርዝሮችን አንዱን ከአንዱ ሥር ይደረድርልሃል። ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ሰንጠረዥ) የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አራት ሴክሽን አንድ ላይ አድርጎ ደረጃ ለማውጣት እስከዚያ ድረስ ኮፒ ፔስት ነበር። የአንድ ተማሪ ማርክ ከተስተካከለ እንደገና ኮፒ ፔስት።

በጣም ደስ አለኝ። ፈታሁት፣ አዘጋጀሁት፣ ፎልደሩን «ሊብሬ አዲሱ» ብዬ ሰየምኩት። ቤታ የሚለው ቃልም ቁጥሩም ቀረ። ደንበኛ ረጅም ስም ሲያይ ግራ ይገባዋል ብዬ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ዴቭ የሚል ጽሑፍ ያሳያል፣ ግን ማን ያነበዋል?

አንድ የሒሳብ መምህር መጡና ሰጠኋቸው። ቪስታኩንም ቁጭ ብዬ አስተማርኳቸው። ቤታቸው ባለው ዊንዶውስ 10 ሦስት ቀን ሠሩበት። ፕሮግራሙም ሮስተሩም ያው ፍላሽ ላይ ነው። ሲጨርሱ ለማተም ወደ አንድ ቢሮ ወሰዱት። የቢሮው ማሽን ዊንዶውስ 7 ነው። 25.8 ደግሞ ዊንዶውስ 7ንም 8ንም ትቷል። አልከፍት አለ። እዚያው በነበረ አሮጌ ፕሮግራም ሲሞክሩት የደረጃው ገጽ ከላይ እስከ ታች በስህተት ምልክት ተሞላ። አሮጌው ቪስታክ የሚባል ነገር አያውቅማ።

የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ይሄ ቫይረስ ነው፣ ከየት ነው የምትለቃቅሙት?» ብሎ ፍላሹን ፎርማት አደረገው። ውስጡ ምን አለ ብሎ አልጠየቀም። መምህሩ ቆይ ሳይሉት አለቀ። የሦስት ቀን ሥራ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ካርድ ሊሰጥ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

በማግስቱ ለባለሙያው ላስረዳው ሄድኩ። በር ላይ አቆመኝ። «የነፃ ነገር ሁሉ መጨረሻው እንዲህ ነው» አለኝ፣ ሰው እየሰማ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህን ፕሮግራም ከ2010 ጀምሮ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ የዓለም በጎ ፈቃደኞች ኮዱን ገልጠው እየሠሩት ነው። ምን እንዳለበት ማየት የፈለገ ገብቶ ያያል። ጥፋቱ የነፃነቱ አልነበረም። ፎልደሩ ላይ «የሙከራ» የሚል አንድ ቃል ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ደግሞ የሰው ንብረት ሳይጠይቅ ማጥፋት አልነበረበትም። ሁለቱም እውነት ነው።

መምህሩንና የወረቀቱን ማርክ ሊስት ይዤ ሱቄ ገባሁ። ሁለት ሌሊት ሙሉ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ አስገባለሁ። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄዶ የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ነው የጨረስነው። በዚህኛው ቪስታክ አልነካሁም፤ በድሮው ቀመር ብቻ ነው። ካርዱ በቀኑ ተሰጠ። ሳንቲም አልተቀበልኩም። መምህሩ ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው፣ ሌሎች መምህራንም ይልኩልኛል። በዚህ እኮራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሙከራ ቅጂን ስም የምጽፈው በዚህ ዓይነት ነው፦ «የሙከራ፣ ሊብሬ 25.8 ቤታ 1፣ ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ብቻ፣ ለሥራ አይሆንም»። ይርዘም። ከጎኑም ሁልጊዜ የሥራውን ቅጂ አስቀምጣለሁ። ለዊንዶውስ 7 ማሽን የመጨረሻው 25.2 ነው። እሱም የደህንነት ማሻሻያ ስለማይመጣለት ከማያውቁት ሰው የመጣ ፋይል እንዳይከፍቱበት ንገራቸው። በሙከራው ላይ የሚከፈተው ደግሞ የሰነዱ ኮፒ ይሁን፣ ዋናው ሰነድ አይነካ።

3. የት ላስቀምጠው ላልከው፣ ቴሌግራም ላይ የሙከራ ቅጂ አትለጥፍ። እስከ 2 ጂቢ ፋይል ስለሚቀበል ይቀላል፣ ገብቶኛል። እኔም ያንን «ሊብሬ አዲሱ» ቻናሌ ላይ ለጥፌው ነበር። ከመምህሩ ጉዳይ በኋላ አጠፋሁት። ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ የተደረገው ግን አይጠፋም። ከወራት በኋላ ከቡሬ አንድ ሰው ደውሎ «ሊብሬ አዲሱ እምቢ አለኝ» አለኝ። ዋናው 25.8 ከወጣ ቆይቷል፣ ሰዎች ግን አሁንም የኔን ቤታ ይቀባበላሉ።

እኔን የጠቀመኝ ሱቁ ውስጥ ያለው ነው። አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ራውተር፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያለው ትንሹ የዌብ ሰርቨር (ፋይል ማደያ)። ደንበኛ በሱቁ ዋይፋይ ገብቶ ያወርዳል፣ ዳታ አይቆጥርበትም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ነው የጀመርኩት። ያን ጊዜ ሰው ፍላሽ ይዞ ከገጠር ድረስ ይመጣ ነበር። የሙከራ ቅጂ ስቀይር አሮጌውን ከላፕቶፑ አነሳዋለሁ፣ አለቀ።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ካስፈለገህ ጊትሀብ፣ የፕሮግራም ሠሪዎች ፋይል ማስቀመጫ ድረ ገጽ፣ ይሻላል። ግን በሪፖዚተሪው (በኮድ ማከማቻው) ውስጥ አትጫነው፣ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ሊብሬ ኦፊስ ደግሞ ከ300 በላይ ነው። በሪሊዝ (የቅጂ ማውጫ) ገጹ በኩል አስገባው፣ እዚያ አንድ ፋይል እስከ 2 ጂቢ ይፈቀዳል። «ፕሪ ሪሊዝ»፣ ማለትም ገና ያልወጣ ቅጂ፣ የሚለውን ምልክት ማድረግ እንዳትረሳ። ምንም ካልቀየርክበት ግን ለምን ትደክማለህ? ሊብሬ ኦፊስን የሚያወጣውን የዶክዩመንት ፋውንዴሽንን የራሱን ማውረጃ ገጽ ሊንክ ስጣቸው።

4. ኮፒውን አረጋግጥ። ሰው ፍላሹን ሳያልቅ ይነቅለዋል፣ ከዚያ «ያንተ ፕሮግራም ተበላሸ» ይልሃል። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የፋይሉን የሻ 256 ቁጥር (ፋይሉ ትንሽ ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ) አውጥተህ ከማውረጃ ገጹ ጋር አስተያየው። ፋውንዴሽኑ ለእያንዳንዱ ፋይል ቁጥሩን ያወጣል።

5. መዝገብ ያዝ። ስም፣ ስልክ፣ የትኛው ቅጂ፣ ማሽኑ ዊንዶውስ ስንት ነው፣ የተወሰደበት ቀን። ያኔ መዝገብ ስላልነበረኝ ቤታው ማን ማን ዘንድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ያስታወስኳቸውን አሥራ አንድ ሰዎች አንድ በአንድ ደውዬ ነው የቀየርኩላቸው። ሁለቱ ስልክ አላነሱም፣ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አሁን ዋናው ሲወጣ መዝገቡን ከፍቼ መደወል ብቻ ነው።

ሙከራውን ደግሞ ለብቻህ አትያዘው። ስህተት ስታገኝ በእንግሊዝኛ ባጭሩ ጻፍና ለሠሪዎቹ ሪፖርት አድርግ። በአንድ የሙከራ ቅጂ ላይ አራት ነጥቡ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርድብኝ ነበር። ከስድስት መስመር የማይበልጥ የአማርኛ ሰነድ አያይዤ ላክሁ። ሌላ ሰው በራሱ ማሽን አይቶ አረጋገጠው። አማርኛ የማያነብ ሰው የኛን አራት ነጥብ ብሎ ሲቀመጥ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ልነግርህ አልችልም። ሰነዱ አጭር ስለነበር ነው ያየው። አርባ ገጽ ብልክለት ማንም አይከፍተውም።

ከደምበጫ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለህ ባዶ ፍላሽ ላክልኝ። 25.2ን አዘጋጅቼ፣ የመዝገቡን ገጽና የድሮውን የሮስተር ቀመር ጨምሬ በዚያው ሰው እልክልሃለሁ።