ሐሳቡ ልክ እንዳልሆነ እያወቅኩ ጭንቀቱ ለምን አይለቀኝም?

«የሲቢቲ (ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ ስሜትን የሚያክም የንግግር ሕክምና) መልመጃ እየሠራሁ ሐሳቤን እጽፋለሁ። ሐሳቡ ልክ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ጭንቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህ ሕክምና እውነት ይሠራል?» ብለው ለጠየቁት፦

አዎ፣ ሕክምናው ብዙ ሰዎችን ይረዳል። ስሜቱ አልነቃነቅ ሲል መጀመሪያ መታየት ያለበት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሐሳብ ዋናው መሆን አለመሆኑ ነው። አለቃዎ ሰላምታዎን ሳይመልሱ አለፉ እንበል። «ቢያባርሩኝስ?» ብለው ከጻፉ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ በማስረጃ አይመዘንም። «ሊያባርሩኝ ነው» ብለው ይቀይሩትና «እውነት ቢሆን ስለ እኔ ምን ይናገራል?» እያሉ ወደ ታች ይውረዱ። «የማልረባ ሰው ነኝ» ላይ ሲደርሱ ሆድዎን ባር ባር ካለዎት፣ መሥራት ያለብዎት እሱ ላይ ነው።

ከጎኑ የጭንቀቱን መጠን ከ0 እስከ 100 ይጻፉ። ቀጥሎ ሐሳቡን የሚደግፈውን ማስረጃ፣ ከዚያ የሚቃረነውን። «ጠልተውኛል» ግምት ነው፤ «ሰላምታዬን አልመለሱም» ማስረጃ ነው። አማራጭ ብለው የሚጽፉት «ሁሉም ጥሩ ይሆናል» ዓይነት ከሆነ ልብዎ አይቀበለውም። ምን ያህል እንደሚያምኑት እሱንም ከ100 ይመዝኑት፤ 20 ብቻ ከሆነ ስሜትን የማንቀሳቀስ አቅም የለውም፣ የሚያምኑት እስኪሆን ያስተካክሉት። ጭንቀቱ ከ80 ወደ 55 ከወረደ መልመጃው ሠርቷል፤ ዜሮ አይጠብቁ።

የቀረውን ወረቀት አይሠራውም። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነውና አደራ፣ ይህን አይዝለሉ። ትንበያዎን አስቀድመው ይጻፉ፦ «ነገ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ብጠይቃቸው ይቆጡኛል፤ እርግጠኝነቴ 90»። ከዚያ ይጠይቁና የሆነውን ቆሞ ያየ ሰው እንደሚናገረው አድርገው ይመዝግቡ። ጥያቄውን አሥር ጊዜ ሸምድደው፣ አንገትዎን ደፍተው ከጠየቁ ግን አእምሮ «የተረፍኩት ስለተጠነቀቅሁ ነው» ይላል፤ ፍርሃቱም ባለበት ይቀራል። እነዚህን መከለያዎች አንድ በአንድ እየተዉ ይድገሙት።

ዋናው ችግር ድባቴ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከሐሳብ በፊት በድርጊት ይጀመራል። «ሲሻለኝ» ሳይሆን «ጠዋት በ2 ሰዓት፣ 10 ደቂቃ የእግር ጉዞ» ተብሎ ይያዛል። ፍላጎቱ ከድርጊቱ በኋላ ይመጣል።

ያንኑ ሐሳብ ለመረጋጋት ሲሉ ብቻ በቀን ደጋግመው የሚጽፉ ከሆነ መጻፉ ራሱ ጭንቀቱን ይመግበዋል፤ ያቁሙና ደብተሩን ለቴራፒስት ያሳዩ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮም ደብተርም አይጠበቅም፤ ብቻዎን ሳይሆኑ ዛሬውኑ ባለሙያ ጋ ወይም ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።