በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጸ ትዝታ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደሴ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ዐድዋን ሲያነሡ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ የሚታይበትን ሥዕል ይተርኩልኛል፤ እዚሁ ወሎ የተፈረመው የውጫሌ ውል ግን ቶሎ ይጠፋባቸዋል። ሆላንዶች ብሔራዊ ማንነታቸውን በታተሙ የታሪክ ሥዕሎች ገነቡ ሲባል ሰምቻለሁና ነገሩን ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሆላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1568 እስከ 1648 ከስፔን ንጉሥ ጋር ሲዋጉ፣ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። የቀለም ሥዕል ባለበት ግድግዳ ይቀራል፤ ከአንድ ሰሌዳ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች ስለሚወጡ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች መከራውን በአንድ ዓይነት መልክ አዩት። የዚህ ሥራ ፊታውራሪ ሥዕል ቀራጩና አሳታሚው ፍራንስ ሆገንበርግ ነው። የስፔን ወታደሮች በ1576 ዛሬ በቤልጂየም የምትገኘውን የአንትወርፕን ከተማ ሲዘርፉና ሲፈጁ እርሱ ተሰዶ በጀርመን አገር በኮሎኝ ይኖር ነበር፤ ይሁንና ያ እልቂት እስከ ዛሬ በብዛት የሚታወሰው እርሱ ባሳተመው ሥዕል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የዲርክ ቪለምስ ታሪክ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት ሲሸሽ፣ አሳዳጁ በረዶው ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ሲገባ ዲርክ ተመልሶ አወጣው፤ ራሱ ግን ተይዞ በ1569 በእሳት ተቃጠለ። እጆቹን ዘርግቶ የሚታይበትን ሥዕል ያን ላውከን የቀረጸው ከ116 ዓመት በኋላ፣ በ1685 ነበር። ሜኖናይት የሚባሉት ክርስቲያኖች ዛሬም ዲርክን የሚያስቡት በዚያው ሥዕል ነው፤ ትዝታውን ያጸናው፣ ነገሩን ያላየ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ቤልጂየም በ1830 ከሆላንድ ከተገነጠለች በኋላ ሆላንዶች የጋራ ታሪካቸውን አጥብቀው መሰብሰብ ያዙ። የሮተርዳሙ የእንጨት ነጋዴ አብራሃም ፋን ስቶልክ እነዚህን ሥዕሎች አጠራቀመ፤ የአምስተርዳሙ መጻሕፍት ሻጭ ፍሬድሪክ ሙለር ደግሞ የራሱን ስብስብ በዘመን ቅደም ተከተል መዝግቦ ዝርዝሩን ከ1863 ጀምሮ አሳተመ። የሙለርን ስብስብ በአምስተርዳም የሚገኘው የሆላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሪይክስሙዚየም፣ በ1881 ገዛው። በእኔ አስተያየት የተበታተኑትን ወረቀቶች የአንድ ሕዝብ ታሪክ ያደረጋቸው ይህ አሰባሰብና አሰዳደር ነው።

ሥዕል የሚመርጥ መሆኑንም ለተማሪዎች መንገር ይገባል። ሆላንድ በደቡብ አሜሪካ ባለችው ቅኝ ግዛቷ በሱሪናም ባሪያ ታሠራ ነበር፤ በዚያ የነበረውን ቅጣት ከሚያሳዩት ሥዕሎች በጣም የታወቁት ግን በ1796 የታተሙት ሆላንድ ሳይሆን ለንደን ነው። ሪይክስሙዚየም የሆገንበርግን ሥዕሎች በድረ ገጹ ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ፣ አንዱን አትመው ከዐድዋው ሥዕል ጎን ይስቀሉና ሠዓሊው የት ሆኖ፣ ለማን፣ ማንን ትቶ እንደ ሣለ ተማሪዎችዎን ይጠይቋቸው። የውጫሌን ውልም እነርሱ ራሳቸው ይሣሉት።