«አስማታዊ» ወይስ «መሳጭ»?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ነው። ጠያቂው ለጥምቀት እንግዶች የሚታደል አጭር ጽሑፍ ሲያዘጋጁ «የጎንደር ጥምቀት አስማታዊ ድባብ» ብለው ይጽፋሉ። ረቂቁን ያዩ አንድ ካህን «አስማትን ከጥምቀት ምን አገናኘው?» አሏቸው። ጠያቂያችን «የአስማት ሥሩ ምንድን ነው? ሰውን ራሱን የሚያስረሳ ደስታስ በአማርኛ ምን ይባላል?» ይላሉ።

«አስማት» የግእዝ ቃል ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር። የግእዙ ኦሪት ዘጸአት ሲጀምር «አስማቲሆሙ» ቢል «ስሞቻቸው» ማለቱ ነው፤ የእስራኤልን ልጆች በየስማቸው ሊቆጥር ነውና ምትሃት የለበትም። ቃሉን ወደ ምትሃት የወሰደው ክታብ ነው። ደብተራው በባለቤቱ ቁመት ልክ በተቀጣጠለ ጠባብ ብራና ላይ ስውር የሚባሉ የአምላክ ስሞችን ይደረድርና «በኃይለ ዝንቱ አስማቲከ» ይላል፤ በእነዚህ ስሞችህ ኃይል ማለት ነው። ቀጥሎ «አድኅና ለአመትከ» (አገልጋይህን አድናት) ብሎ የባለቤቲቱን የክርስትና ስም ያስገባል። (በብዙ ክታብ «ለዓመትከ» ተብሎ በዐይኑ ዐ ይገኛል። በአልፋው አ «አመት» አገልጋይ፣ በዐይኑ «ዓመት» ዘመን ነውና ይህ የጸሐፊ ስሕተት ነው።) ውሎ አድሮ ስም የሚደረድረው ሰው ሥራ ሁሉ በስሞቹ ተጠራ፤ የስም ዝርዝር የነበረው የድርጊት ስም ሆነ። «ድግምት»ም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። «ዳዊት ደገመ» ብንል ጸሎት ነው፤ «ደገመበት» ብንል ክፋት ነው፤ ግሡ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የካህኑ ጆሮ አልተሳሳተም። በአማርኛ አስማት የሚደረግብን እንጂ የሚያስደስተን ነገር ሆኖ አያውቅም።

ለተጠየቀው ደስታ ቃሉ አለን፤ «ተመስጦ» ይባላል። ሥሩ የግእዙ «መሠጠ» ነው፤ በንጉሡ ሠ። ትርጉሙ ነጠቀ፣ ቀማ፣ ዘረፈ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 7፥15 ላይ ግእዙ «ተኵላት መሠጥ» የሚለውን አማርኛው «ነጣቂዎች ተኩላዎች» ብሎታል። ቅዱስ ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ «ተነጠቀ» ሲባልም ያው የመወሰድ አሳብ ነው። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በጦራቸው እግሩን ወጉት፤ ንጉሡም አላወቁ፣ ያሬድም አልተሰማው። ሁለቱም በተመስጦ ነበሩ። ሕመምን እንኳ የሚያስረሳ ደስታ ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ፍቺ አልፈልግለትም።

«ተመስጦ»ን ከ«ምሥጢር» ጋር የሚያዛምዱ ሰዎች አሉ። ምክንያታቸው ሁለቱም በግእዝ በንጉሡ ሠ መጻፋቸውና ተመስጦም ረቂቅ መምሰሉ ነው። አይሆንም። «ምሥጢር» ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ «ር»ም የሥሩ ፊደል ስለሆነች ግስ ስናወጣለት «አመሠጠረ» እንላለን እንጂ «አመሠጠ» አንልም። የፊደል መመሳሰል ዝምድና አይሆንም። «ተመስጦ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነውና ለእስክስታ አይነገርም» የሚለውም አያሳምነኝም፤ ለተኩላ የተነገረ ቃል ለእስክስታ የማይነገርበት ምክንያት የለም።

ይልቁንስ እዚህ ጋ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ አማርኛ እንዲህ ያለውን ደስታ የሚጠራው በዘራፊ ግሦች ነው። ጎንደሬ ሁሉ በሰፈር ስም የሚያውቀውን «ማራኪ» የሚለውን ቃል እንይ። «ማረከ» ከግእዙ «ማህረከ» ነው፤ «ምህርካ»ም የጦርነት ምርኮ ነው። ማራኪ ሴት፣ ማራኪ ዜማ ስንል በቃሉ ጥንተ ትርጉም ጦረኛ እያልናቸው ነው። «ሰለበ»ም በግእዝ ገፈፈ፣ ቀማ ነው፤ «ልብ የሚሰልብ ድምፅ» እንላለን። በገጠር ደግሞ የጎተራው እህል በረከት ሲያጣ «ሰላቢ ገባበት» ይባላል፤ ሰላቢ የሰውን እህልና ቅቤ በምትሃት የሚወስድ ነው። ምትሃትና ደስታ በአማርኛ የተገናኙት በዚህ በር ነው፤ በ«አስማት» በር አይደለም። «አስደማሚ» ለሚያስገርም እንጂ ለሚያስደስት አይበቃም፤ «ድንቅ» ደግሞ በየማስታወቂያው ተነግሮ ተነግሮ ሳስቷል።

አጻጻፉ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። «ተመስጦ» እንደ «ተዋሕዶ» የግእዝ ንኡስ አንቀጽ (እንደ አማርኛው «መመሰጥ» ያለ የግስ ስም) ነው፤ ስለዚህ ስም ሆኖ ሲገባ በጾታና በቁጥር አይለወጥም፤ «በተመስጦ ሰማች»፣ «በተመስጦ ሰሙ» ይባላል። በመልክ ከአማርኛው ቦዝ አንቀጽ ጋር ስለሚገጥም ግን ብዙዎች ይደናገራሉ። ቦዙ «በ» ሳይቀድመው እንደ ባለቤቱ ይለወጣል፤ «ተመስጦ ሰማ»፣ «ተመስጣ ሰማች»፣ «ተመስጠው ሰሙ»። «በተመስጣ» የሚል አማርኛ የለም። ሌላው «ተመሳጭ ታሪክ» የሚባለው ነው። የሚመስጠው ታሪኩ፣ የሚመሰጠው አንባቢው ነውና «መሳጭ ታሪክ» መባል አለበት፤ «መረጠ» «መራጭ» እንደሚሆን፣ «ጠ» ወደ «ጭ» ትዞራለች። «ተመሰጠ» ሲባል «ሰ» ይጠብቃል፤ «መሳጭ» ሲባል ይላላል። መስተዋድዱም «በ» ነው፤ «በዜማው ተመሰጠ» እንጂ «ዜማውን ተመሰጠ» አይባልም። «ሠ»ንም በንጉሡ ብትጽፉት እወዳለሁ። አማርኛ ሁለቱን ድምፅ ለይቶ እንደማይናገርና ጋዜጣው ሁሉ በእሳቱ ሰ እንደሚጽፈው አውቃለሁ፤ እኔም እዚህ «ተመስጦ»ን በእሳቱ የጻፍኩት ለአንባቢ ስል ነው። ይሁንና «መሠጠ» በንጉሡ ሲጻፍ ሥሩ በዓይን ይታያል።

«አስማታዊ»ን በተመለከተ አጠቃቀሙ እንደ ተለወጠ መካድ አይቻልም። ከውጭ ቋንቋ በሚተረጎሙ ተረቶችና ፊልሞች ገብቶ ዛሬ ወጣቱ ስለ ኳስ ተጫዋች እግርም ስለ ማታ መብራትም «አስማታዊ» ይላል፤ የሚሰማውም ክታብ አይታየውም። አልወደውም፤ ግን ስሕተት ነው ብዬ ልከለክለው አልችልም። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሚያነቡት የደብሩ ሽማግሌዎችም ጭምር ናቸው፤ የሚወራውም ስለ ታቦትና ስለ ማሕሌት ነው። «ድባብ»ን ይተዉት፤ ደግሞም ታቦቱ ላይ የሚዘረጋው ጥላ ስሙ ድባብ ነውና ከ«አስማታዊ» ጋር ሲገጥም ይባስ ይከፋል። የሚመስጠውን ነገር በስሙ ይጥሩ፤ ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት ተከታትለው የሚመጡ የማሕሌት አዘማመር ስልቶች ናቸው። ለምሳሌ «መዘምራኑ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገሩ ከበሮው እየፈጠነ ሰሚውን ይመስጣል» ቢሉ ካህኑም አይቃወሙ፣ እንግዳውም ምን ሊሰማ እንደሚመጣ ያውቃል። ስለ ፋሲል ግንብ የማታ ብርሃን ለብቻው የሚጽፉ ከሆነ «አስማታዊ» ይበሉ፤ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም።