72 ካርድ፣ 20 ላንድ፦ ጥፋቱ የመበወዝ አይደለም

ጥያቄህን ላሳጥረው፦ የማጂክ ዘ ጋዘሪንግ (የካርድ ጨዋታው) ዴክህ፣ ማለትም የምትጫወትበት የካርድ ክምር፣ 72 ካርድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ላንዱ፣ ማለትም ለሌሎቹ ካርዶች የሚከፈለውን ማና የሚሰጠው ካርድ፣ 20። ሁሌ ሁለት ላንድ ላይ ተገትረህ ትቀራለህ። «አበዋወዜ ይሆን? በፖክሞን ካርድ ጨዋታ 10 ኢነርጂ (እንደ ላንድ ኃይል የሚሰጠው ካርድ) እየበቃኝ እዚህ 20 እንዴት ያንሳል?» ነው ያልከው።

ወንድም፣ እጅህ ምንም አላጠፋም፤ ሒሳቡ ነው። ከ72 ካርድ 20ው ላንድ ሲሆን፣ መጀመሪያ በምትስባቸው 7 ካርዶች ውስጥ አንድ ላንድ ብቻ የማግኘት ወይም ጭራሽ የማጣት ዕድልህ 37 በመቶ ግድም ነው። ዴኩን ወደ 60 አውርደህ ላንዱን 24 ብታደርገው ይኸው ዕድል ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ቀድሞ የሚጀምር ተጫዋች እስከ አራተኛው ተራ 10 ካርድ ያያል፤ በ24ቱ አማካዩ 4 ላንድ ነው፣ በአንተ ዴክ ግን 3 እንኳ አይሞላም። እና አራት ማና የሚጠይቁት ካርዶችህ እጅህ ላይ ይከርማሉ።

ሕጉ ከ60 በላይ አይከለክልም፣ ግን የምትጨምረው ካርድ ሁሉ ምርጡን ካርድህን ያርቅብሃል። አራት ቅጂ ያስገባኸው ካርድ ከ60 ሲሆን በመጀመሪያው እጅ የመምጣት ዕድሉ 40 በመቶ ነው፤ ከ72 ሲሆን 34።

የፖክሞኑ ንጽጽር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። እዚያም ኢነርጂ በየተራው አንድ ብቻ ነው የሚያያዘው፤ ነገር ግን እንደ ፕሮፌሰርስ ሪሰርች ያለ ካርድ እጅህን ጥለህ 7 አዲስ ያስስብሃል፣ የሚፈልጉልህ ካርዶችም ሞልተዋል። ዴኩን ግማሽ ድረስ ትበላዋለህ። በማጂክ ግን ያለ ሌላ ካርድ እገዛ በተራህ የምትስበው አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከ52ቱ ላንድ ያልሆኑ ካርዶች 36ቱ ብቻ ይቀራሉ፤ 16 ይውጣ። 52ቱንም ወለል ላይ በማና ዋጋቸው ደርድራቸው፤ የሚቀሩት 36ቱ እንዲህ ይሁኑ፦ ባለ አንድ ማና 8፣ ባለ ሁለት 11፣ ባለ ሦስት 8፣ ባለ አራት 5፣ ከዚያ በላይ 4። ስትደረድር አምስትና ስድስት ማና የሚበላው ረድፍ ከሁሉ ረዝሞ ካየኸው በሽታህን አገኘኸው። ሥዕሉ የሚያምረው ዘንዶ ከነወንድሞቹ እዚያ ነው የሚከማቸው፣ መቀነሱም እዚያ ይጀመር። አንድ አንድ ቅጂ ብቻ የገቡት ይከተሉ።

ዴክህ ሁለት ቀለም ማና የሚጠይቅ ከሆነ ላንዱን ለሁለቱ እኩል አትክፈል። በካርዶቹ ላይ ያሉትን የማና ምልክቶች ቁጠር፤ አረንጓዴው 18፣ ቀዩ 9 ከሆነ ሒሳቡ 16 ለ 8 ይላል። እኔ ብሆን 15 ለ 9 አደርገዋለሁ፣ ቀዩ በጣም ሲሳሳ ካርዱ እጅህ ላይ እያለ ከፍለህ መጫወት ያቅትሃል።

ስለ መበወዝ ያለኝ አንድ ነገር ነው። ላንዶቹን በየሁለት ካርዱ መሃል እየሰካህ ላላ አድርገህ መበወዝ በውድድር ላይ ማጭበርበር ነው፤ አጥብቀህ ከበወዝከው ደግሞ መሰካቱ ከንቱ ድካም ነው። ግማሹን በግማሹ ውስጥ እያስገባህ 7 ጊዜ በውዝ። በየክምሩ ማደል ካርዱን ለመቁጠር ይጠቅማል እንጂ አያደባልቅም።

ከዚያ ብቻህን ተቀመጥና አሥር ጊዜ 7 7 ስበህ እስከ አራተኛው ተራ ተጫወት። አንድ ላንድ ያለው እጅ ከመጣ አትጀምርበት፤ መልሰህ በውዘህ 7 ሳብና ከመካከላቸው አንዱን ከዴኩ ሥር አድርግ።

የወጡት 16 ካርዶች ልብህን ከበሉት ኮማንደር ለሚባለው ሌላው የማጂክ አጨዋወት አስቀምጣቸው። እዚያ ዴኩ 100 ነው፣ ከመሠረታዊ ላንድ በስተቀር ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ብቻ ይገባል፣ የምትጀምርበት የነፍስ ነጥብም 40 ስለሆነ ለዘንዶው ጊዜ አለው። ላንዱን ግን እዚያም 37 አካባቢ አድርገው።