«ከቀረው» የምትለው ቃል፦ ስለ ሰባተኛ ክፍል የሒሳብ የቤት ሥራ

እህቴ፣ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጅዎ ስሌት እየቻለች በዐረፍተ ነገር የተጻፈ ጥያቄ ሲገጥማት እንደምትደናገር፣ እርስዎ ሠርተው ሲያሳይዋት «ገባኝ» ብላ በማግስቱ ያንኑ መድገም እንደሚያቅታት ጽፈዋል። እኔ በመንዝና በደብረ ብርሃን ከ20 ዓመት በላይ ሒሳብ ባስተምርም ይህን ችግር በደንብ ያወቅሁት በገዛ ቤቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የቤት ሥራ ማታ ማታ እኔው ስሠራለት ከርሜ፣ ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ራይት ሆኖ ሳለ በፈተናው ከ20 ያገኘው 6 ብቻ ነበር። እርሳሱ በእኔ እጅ ስለነበር የሚደንቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የያዝሁትን አሠራር በአንድ ጥያቄ ላሳይዎት። «አንድ አራሽ ካመረተው ባቄላ ሲሶውን ለባለ መሬቱ ሰጠ፤ ከቀረው ሩቡን ሸጠ፤ 6 ኩንታል ቤቱ አስገባ። ጠቅላላ ምርቱ ስንት ነበር?»

በመጀመሪያ ደብተሩ ይዘጋና ልጅቷ ታሪኩን በራሷ አነጋገር ትንገርዎት፤ አውድማው ላይ መጀመሪያ የወጣው የማን ድርሻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደቀረ ይጠይቋት። በእኛ አገር አውድማ አጠገብ ያደገ ልጅ ሲሶንም እርቦንም ያውቃል፤ መጽሐፉ ላይ 1/3 ተብሎ ሲጻፍ ግን ባዕድ ይሆንበታል። ከዚህ በኋላ እርሳሱን እሷ ትያዝ፤ በእያንዳንዱ መስመር ከቁጥሩ በፊት የምን ቁጥር እንደሆነ በቃል ትጻፍ። ምርቱን «ሀ» ብለነዋል፤ እሷ በመጽሐፏ ያለውን ምልክት ትጠቀም።

ለባለ መሬቱ የተሰጠ = ሀ/3
የቀረ = ሀ − ሀ/3 = 2ሀ/3
የተሸጠ = 1/4 × 2ሀ/3 = ሀ/6
ቤት የገባ = 2ሀ/3 − ሀ/6 = 4ሀ/6 − ሀ/6 = ሀ/2

ስለዚህ ሀ/2 = 6፣ ሀ = 12 ኩንታል ይሆናል።

ብዙ ተማሪዎች የሚወድቁት ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ «ከቀረው» የምትለውን ቃል ዘለው ሩቡን ከጠቅላላው ምርት ያነሣሉ። እንዲያ ሲሆን 5ሀ/12 = 6 ይመጣና መልሱ 14.4 ይሆናል። ልጅዎ ይህንን ብታመጣ «ተሳስተሻል» አይበሏት፤ ቁጥሩን ወደ ታሪኩ መልሳ እንድትፈትነው ያድርጉ። ከ14.4 ሲሶው 4.8 ሲወጣ 9.6 ይቀራል፤ የዚህ ሩብ 2.4 ሲሸጥ ቤት የሚገባው 7.2 ነው፤ ጥያቄው ግን 6 ብሏል። በ12 ስትፈትነው 4 ይወጣል፣ 8 ይቀራል፣ 2 ይሸጣል፣ 6 ይገባል። ስሕተቷን ራሷ ስታገኘው ዳግመኛ አትረሳውም፤ እኔ ነግሬያቸው ያረሙትን ግን ስንቶቹ በሳምንቱ ረስተውት እንዳገኘኋቸው ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ለቅንፍም ይኸው ማረጋገጫ ይሠራል። 3(ሀ − 4) = 2ሀ + 5 ሲሰጣት 3ቱን ከ4ቱ ጋር ማባዛት ብትረሳ 9 ታገኛለች፤ 9ን መልሳ ስትተካ በግራ 15፣ በቀኝ 23 ይሆንባታል። ትክክለኛው 17 ሲተካ ሁለቱም ወገን 39 ይመጣል።

ላጲስ ለጊዜው ይደብቁባት፤ የተሳሳተው መስመር ላይ አንድ ሰረዝ ብቻ ታድርግበትና ከሥሩ ትጻፍ፤ ያኔ የት ቦታ እንደምትስት ለእርስዎም ለመምህሯም ይታያል። በአንድ ምሽት ሁለት ጥያቄ ከበቂ በላይ ነው።

በማግስቱ መድገም ስለማቃቷ፣ ያንኑ ጥያቄ እንዳለ አይስጧት፤ ሲሶውን ወደ እኩል (ወደ ግማሽ) ይለውጡትና ሌላው እንዳለ ይቆይ። መልሱ 16 ኩንታል ነው፤ እስክትፈትነው ድረስ ግን አይንገሯት።