የጎረቤት ቀብርና የፋብሪካ ሥራ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። ጎረቤት ሲሞት ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወደ ቀብር ይሄዳሉ፤ ቻይናዊው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ እኔን ይቆጣል። ቻይናም እንደኛ የጋራ ኑሮ ያለባት አገር ናት ይባላል። ታዲያ ለምን አይገባውም?

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። ሆላንዳዊው የባህል ተመራማሪ ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ በጀመረው፣ ኋላም ሌሎች አገሮች በተጨመሩበት የግለኝነት መለኪያ አሜሪካ 91፣ ቻይና 20 ነበራቸው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል የጋራ ኑሮ ይጠነክራል ማለት ነው። ቁጥሩ ግን «የኛ ሰው» የሚባለው ማን እንደሆነ አይነግረንም። ለሥራ አስኪያጁ ይህ ቤተሰቡና ድርጅቱ ሊሆን ይችላል፤ ወሎ ውስጥ ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር ነው። ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላው እሱ ስለሆነ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ይታዘኑበታልም። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። በቻይና ቀብር አብዛኛውን ጊዜ ቀናት ቆይቶ ይፈጸማል፤ እዚህ ግን ጠዋት የሞተ ከሰዓት ሊቀበር ይችላል። ስለዚህ «ለምን ትናንት አልነገራችሁኝም?» ቢል አይፍረዱበት።

ድርድሩን ሰው ከመሞቱ በፊት ይጨርሱ። ከሰው ሀብት ክፍል ጋር ሆነው ከአንድ መስመር በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መውጣት እንደሚችል ይወስኑ፤ ሁለት ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ኮሌታ የምትሰፋዋ ከተነሳች ከኋላዋ ያለው ሁሉ ሥራ ስለሚፈታ፣ ለእያንዳንዱ የስፌት ደረጃ (ኦፕሬሽን) ተተኪ አስቀድመው ያሠልጥኑ። ፈቃድ ሲጠየቅ ሰዓቱ ይነገር፦ «ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት፤ ቅዳሜ አካክሳለሁ»። የቅሬውንም ሰብሳቢ ያነጋግሩ፤ ከቤት አንድ ሰው ከተገኘ ሌላው ማታ ለቅሶ ቢደርስ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ።

ትልቁ ጥፋት ጎረቤትን «አጎቴ» ብሎ ማስፈቀድ ነው። አጎት ሦስት ጊዜ ከሞተ በኋላ እውነተኛ ሐዘን የደረሰበትንም የሚያምነው የለም። ጎረቤት ከሆነ ጎረቤት ይባል።

ሕጉንም ይወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ ዘመድ ነው፤ ጎረቤት አይካተትም። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ አለ፤ እሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ስለሚችል፣ ለሦስት ሰዓትም ቢሆን ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን።