የጀልባ መሪ፦ ጠይቁ (ከሐዋሳ)

እዚሁ ሐዋሳ ጀልባ እሠራለሁ። ስለ መሪ ጠይቁኝ። መሪ ስል ከኋላ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ላሜራ ነው። የሞተር ብልሽት አይመለከተኝም።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ጀልባዬ አልዞር አለችኝ። ላሜራውን ላሳድገው?

መልስ፦ ሁሉም የሚሮጠው ወደ በያጅ ነው! መጀመሪያ ስንት ዲግሪ ነው የምትጠመዝዘው? መሪ እንደ ክንፍ ነው የሚሠራው። ውሃው በሁለቱም ገጹ ተለጥፎ ሲያልፍ በአንዱ ጎን ግፊቱ ይቀንሳል፤ የጀልባዋም ኋላ ወደዚያ ይሳባል። አብዝተህ ከጠመዘዝክ ውሃው ከላሜራው ይላቀቃል። ያኔ ፍሬን ሆነ ማለት ነው። የትልልቅ መርከቦች መሪ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ 35 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ደግሞ በሙሉ ፍጥነት እስከ ጫፍ አትጠምዝዙ! ጀልባዋ ወደ ውጭ ታዘነብላለች፣ ተሳፋሪውም ወደዚያው ይንሸራተታል።

ቤቲ፦ የኛ ጀልባ መሪዋ ጥሩ አይደለም፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ "ጥሩ አይደለም" ማለት ምን ማለት ነው? ዘርዝሪው።

ቤቲ፦ ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ትዋልላለች።

መልስ፦ እንዲህ ነው እንጂ። ዕቃው ፊት ላይ በዝቶ አፍንጫዋ ጠልቆ ይሆናል፤ ወደ ኋላ አሸጋሽጉት። ካልሆነ ከሥሯ፣ ኋላ ላይ ቋሚ ላሜራ ይበየድ። ቀጥ ትላለች፤ ግን መዞሩ ይከብዳታል። ሁለቱን በአንዴ አታገኙም።

አሞራ ገደል፦ ከጉማሬ ለማምለጥ ግን የትኛው መሪ ይሻላል? 😂

የታቦር ልጅ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጉማሬ ካለበት መጀመሪያውኑ አትሂድ።

አሞራ ገደል፦ መረባችን እኮ እዚያው ነው! የሞተር ጀልባ ያለው ምን አለበት፣ ሞተሩ ራሱ ዞሮ ያዞረዋል።

የታቦር ልጅ፦ ቤንዚን ሲያልቅስ?

መልስ፦ የጉማሬውን ወሬ ሌላ ቦታ። ሞተሩ ሲጠፋ መዞሪያም የለም፤ የታቦር ልጅ ልክ ብሏል።

ዮኒ፦ እጀታው በጣም ይከብደኛል።

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ! ዘንግህ፣ ማለት መሪው የሚዞርበት ብረት፣ ላሜራው የፊት ጠርዝ ላይ ነው አይደል? ሙሉው የውሃ ጫና ከዘንጉ ኋላ ስለሚያርፍ ነው ክንድህን የሚጎትተው። ላሜራው 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከፊት ጠርዙ 10 ሳንቲ ሜትር ለካ፣ በጠመኔ አስምር፣ ዘንጉን እዚያ አስበይድ። ከፊት የቀረው ከኋላው ጋር ይጋፋልና እጀታው ይቀላል። ግን ስግብግብ አትሁን። ዘንጉ ከላሜራው ስፋት ሩብ ካለፈ መሪው በራሱ መጠምዘዝ ይጀምራል፤ እጅህን ነጥቆ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ቁመቱንም አስብበት። ረጅምና ጠባብ ላሜራ በትንሽ ዲግሪ ጥሩ ያዞራል፣ ግን ውሃው ቶሎ ይላቀቅበታል፤ ዳር ላይም ሣር ይይዘዋል። ለዓሣ ጀልባ አጠር፣ ሰፋ ያለው ይሻላል።

ናቲ፦ መሪውን ላሳድገው ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ከላይ አንብብ! ፍጥነት ላይም አትጠምዝዝ።

ቤቲ፦ ወደ ኋላ ስንሄድስ ለምን አይታዘዝም?

መልስ፦ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ፊት ስለሚገፋ መሪው ላይ በቂ ውሃ አይደርስም። ወደብ ላይ መሪውን አዙሪና ሞተሩን ወደ ፊት አንዴ ብቻ ነካ አድርጊው።